ቁጥር 2፦ የስህተት መልእክት የራሱን መንገድ እንዴት አገኘ

ሀዋሳ ላይ ሰርቨር የሚያስተዳድር ባለሙያ ሁሉ ጣቱ የለመዳት አንዲት አጭር ምልክት አለች፦ 2>። ከኋላዋ የፋይል ስም ይከተላል፤ ፋይሉም አብዛኛውን ጊዜ /ዴቭ/ነል ነው፤ የጣሉበትን ሁሉ ውጦ ምንም የማያስቀር ባዶ ቦታ። ምልክቷን የሚጽፋት ብዙ ነው፤ ከየት እንደመጣች የሚያውቅ ግን ጥቂት። ታሪኳን መጻፍ የፈለግሁት፣ ለምን እንደተፈጠረች የተረዳ ሰው የስህተት መልእክቱን እንዲህ በቀላሉ ወደ ባዶው ቦታ አይወረውርም ብዬ ስለማምን ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ዓ.ም. ያልኩበት ካልሆነ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው በ1960ዎቹ አሜሪካ ነው። በኤምአይቲ ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊው ሉዊ ፑዛን፣ ትእዛዞችን በፋይል ደርድሮ ማሽኑ በተራ እንዲፈጽማቸው የሚያደርግ ሩንኮም የተባለ ፕሮግራም ሠራ። ሰው ከማሽኑ ጋር በጽሑፍ የሚነጋገርበትን ፕሮግራም «ሼል» ብሎ የሰየመውም እሱ ነው። በ1965 ደግሞ ግሌንዳ ሽሮደር መልቲክስ ለተባለው ሥርዓት ሼል ጻፈች። ዛሬ ስክሪፕት የምንለው ነገር ዘሩ ከእነዚህ ይመዘዛል።

በመልቲክስ ሥራ ይሳተፍ የነበረው የምርምር ተቋም፣ ቤል ላብስ፣ በ1969 ከሥራው ወጣ። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ኒው ጀርሲ፣ መሪ ሂል በሚገኘው ቢሮአቸው ፒዲፒ-7 በተባለች አነስተኛ ማሽን ላይ ዩኒክስ የተባለውን ሥርዓት ጀመሩ። ቶምፕሰን የጻፈው ሼል ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ እያንዳንዱ ፕሮግራም አንድ መግቢያና አንድ መውጫ አለው። ውጤቱን በወረቀት ማየት ካልፈለግህ > ብለህ ወደ ፋይል ታዞረዋለህ። ፕሮግራሙ አንድ ነገር ሲበላሽበት የሚያወጣው ቅሬታም በዚያው በአንዱ መውጫ ይወጣ ነበር። በቴሌታይፕ ፊት ለተቀመጠ ሰው ይህ ምንም ችግር አልነበረውም፤ ውጤቱም ቅሬታውም ከዓይኑ ሥር በወረቀቱ ላይ ይታተማል። ቅሬታውም ቢሆን አጭር ነበር። ኢዲ የተባለው የጽሑፍ ማረሚያቸው ያልገባው ነገር ሲያጋጥመው የሚመልሰው የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው፤ ሌላ ቃል የለም።

ችግሩ የመጣው ከመልካም ነገር ጋር ነው። ዳግ ማክኢልሮይ፣ የቶምፕሰንና የሪቺ አለቃ፣ ከ1964 ጀምሮ የሚወተውተው አንድ ሐሳብ ነበረው፦ የአንዱ ፕሮግራም መውጫ በቀጥታ የሌላው መግቢያ ይሁን። በ1973 ቶምፕሰን በአንድ ሌሊት ሠርቶ አደረው። በማግስቱ የክፍሉ ሰዎች ፕሮግራም ከፕሮግራም ሲቀጣጥሉ ዋሉ። ፓይፕ የምንለው፣ ዛሬ በ| ምልክት የምንጽፈው፣ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የተማሪ ስም ዝርዝር የያዘን ፋይል የሚያነብ ፕሮግራም አለ፤ ውጤቱን መስመር ለሚቆጥር ሌላ ፕሮግራም ያቀብላል። ፋይሉ ከቦታው ቢጠፋ የመጀመሪያው ፕሮግራም «ፋይሉ አልተገኘም» የሚል አንድ መስመር ያወጣል። መውጫው አንድ ብቻ ስለሆነ መስመሩ ወደ ቆጣሪው ይገባል። ቆጣሪው ሥራው መቁጠር ነውና 1 ብሎ ይመልሳል። ጠያቂው አንድ ተማሪ አለ ብሎ ይሄዳል። ስህተቱ ጠፍቶ አይደለም፤ ውጤት መስሎ ሰው ፊት ቀርቧል እንጂ። ከጠፋ ስህተት ይልቅ ይህኛው ይከፋል፤ የጠፋውን የሚፈልግ ሰው አይጠፋም፣ ውጤት የመሰለውን ግን ማንም አይጠረጥረውም።

ማክኢልሮይ ኋላ በጻፈው የዩኒክስ ታሪክ እንደሚያስረዳው፣ የአንድ መግቢያና የአንድ መውጫ ቀላልነት እንዳይበላሽ ስለሳሱ እስከ 6ኛው እትም፣ ማለትም እስከ 1975 ድረስ፣ ሰዎቹ ችግሩን ችለውት ኖሩ። ትዕግሥታቸውን ያስጨረሰው የማተሚያ ማሽን ነው። ቤል ላብስ ፊደልን በብርሃን በወረቀት ላይ የሚቀርጽ ሲ/ኤ/ቲ የተባለ መሣሪያ ነበረው። ሥራው አድካሚ እንደነበር ስቲቭ ጆንሰን፣ በዚያው ክፍል ይሠራ የነበረው፣ ያስታውሳል፦ ረጅሙን ወረቀት ከመሣሪያው አውጥተህ፣ መጥፎ ሽታ ባለው ማጠቢያ ማሽን ውስጥ በጥንቃቄ ታስገባለህ፤ ደቂቃዎች ቆይቶ ጽሑፉ ይወጣል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በርከት ያሉ ሰዎች ተመሳሳይ ነገር ገጠማቸው። ወረቀታቸው ታጥቦ ሲወጣ ገጹ ባዶ ነው፤ በላዩ ያለው፣ ለመጽሐፍ በሚገባ ውብ ፊደል የተቀረጸ አንድ መስመር ብቻ፦ ፋይሉን መክፈት አልተቻለም። ጉምጉምታው በረታ፤ መስማት የሚገባቸው ሰዎችም ሰሙት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ዴኒስ ሪቺ ለስህተት መልእክት የራሱን መውጫ ሠራለት።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ፕሮግራም ሲነሣ ሦስት የተከፈቱ መንገዶች ይዞ ይነሣል፦ 0 መግቢያ፣ 1 የውጤት መውጫ፣ 2 የስህተት መውጫ። 1ን ወደ ፋይል ወይም ወደ ሌላ ፕሮግራም ብታዞረው 2 ከስክሪኑ አይነቃነቅም። ያም ሆኖ አልበቃም ይላል ማክኢልሮይ፤ አምስት ፕሮግራም በፓይፕ ተቀጣጥሎ ባለበት «ፋይሉ አልተገኘም» ብቻ ቢመጣ የማንኛው እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ ፕሮግራሞቹ ከቅሬታቸው በፊት ስማቸውን እንዲናገሩ ተደረገ። ዛሬም በተርሚናል ላይ የምናየው የስህተት መስመር በፕሮግራሙ ስምና በሁለት ነጥብ የሚጀምረው ከዚያ ወዲህ ነው።

በዚያው ዘመን፣ በ1976፣ ሀዋሳ ላይ የእርሻ ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁና ቁጥር 2 እኩዮች መሆናቸው አጋጣሚ ነው፤ ግን የሚገናኙበት ቀን ይመጣል።

በጃንዋሪ 1979 የወጣው 7ኛው የዩኒክስ እትም ለሼል ጸሐፊ ከሁሉ የላቀው ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። እንግሊዛዊው ስቲቨን ቦርን አዲስ ሼል ጻፈበት። 2> የተጻፈችው በዚህ ሼል ነው፤ 2>&1 የምትለዋም እንዲሁ፣ «2ን አሁን 1 ወዳለበት ላክ» ማለት ናት። «አሁን» የሚለው ቃል ብዙ ሰው የሚስተው ነው። ሼሉ ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል። >ውጤት 2>&1 ብለህ ብትጽፍ መጀመሪያ 1 ወደ ፋይሉ ይዞራል፣ ቀጥሎ 2 ተከትሎት ወደ ፋይሉ ይሄዳል፤ ሁለቱም ፋይሉ ውስጥ ይገኛሉ። ቅደም ተከተሉን ገልብጠህ 2>&1 >ውጤት ብትል ግን፣ 2 የሚላከው 1 በዚያች ቅጽበት ወዳለበት፣ ማለትም ወደ ስክሪኑ ነው፤ ከዚያ 1 ብቻውን ወደ ፋይሉ ይሄዳል። ፊደሉ አንድ ነው፣ ትርጉሙ ሌላ። የስህተቱን መልእክት ብቻ በተለዋዋጭ ውስጥ መያዝ የሚፈልግም መፍትሔው እዚሁ አለ፦ 3>&1 1>&2 2>&3። ባዶ የነበረውን 3 እንደ መሸጋገሪያ ተጠቅሞ 1ንና 2ን ማቀያየር ነው።

ቦርን ከመልእክቱ ሌላ ቁጥሩንም ለስክሪፕት ጸሐፊ አመቻቸ። ማንኛውም ትእዛዝ ሲያበቃ ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ትቶ ይሄዳል፤ በ$? ይነበባል። 0 ደህና ነው፤ ሌላው ሁሉ ችግር ነው። 127 ትእዛዙ አልተገኘም፣ 126 ተገኝቶ ሊሠራ አልቻለም፣ 137 ደግሞ በግድ ተገድሏል ማለት ነው። መልእክቱ ለሰው፣ ቁጥሩ ለስክሪፕቱ። ይህን ክፍፍል ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ወደኋላ እንመለስበታለንና።

በተመሳሳይ ጊዜ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ቢል ጆይ ሲ ሼል የተባለውን ጻፈ። በእጅ ለሚጽፍ ሰው እጅግ የተመቸ ነበር፤ ሆኖም 1ን በቦታው ትቶ 2ን ብቻ ለይቶ ማዞር የሚቻልበት ቀጥተኛ መንገድ አልነበረውም። ስክሪፕት ጸሐፊዎች ወደ ቦርን ሼል ያደሉት በዚህና በመሰሉ ምክንያቶች ነው። ብራያን ፎክስ በ1989 ለግኑ ፕሮጀክት ባሽ የተባለውን ሼል ሲያወጣ የተከተለው የቦርንን መንገድ ነው። በ1991 የሊኑስ ቶርቫልድስ ሊኑክስ መጣ፤ ባሽም አብሮት ዓለምን ዞረ።

እኛም ዘንድ ደረሰ። ኢንተርኔት በኢትዮጵያ በመደበኛነት የተጀመረው በጃንዋሪ 1997፣ በኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል ነው። በ1992 ዓ.ም. የሀዋሳው የእርሻ ኮሌጅ ከወንዶ ገነት የደን ኮሌጅና ከዲላው የመምህራንና የጤና ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ በ2006 ስሙ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ሀዋሳ ላይ ተርሚናል ከፍቶ ትእዛዝ መጻፍ ሲጀምር፣ መሪ ሂል ላይ በጉምጉምታ የተወለደው ቁጥር 2 በስክሪኑ ላይ ይጠብቀው ነበር።

በዚያው ሰሞን ለቋንቋችን አንድ ትልቅ ነገር ሆነ። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝን ፊደል አካተተ። የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን፣ በተለይም ዳንኤል ያዕቆብ፣ የአማርኛን የቀን፣ የወርና የገንዘብ አጻጻፍ በሊኑክስ መሠረታዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አስገቡ። ማሽን አማርኛ መናገር ቻለ ማለት ነው። ለስክሪፕት ጸሐፊ ግን ይህ አንድ ማስጠንቀቂያ ይዞ መጣ። ብዙ ሰው ስህተት መኖሩን የሚያውቀው የእንግሊዝኛውን መልእክት ፈልጎ በማግኘት ነው፤ በስክሪፕቱ ውስጥ «አልተገኘም» የሚለውን የእንግሊዝኛ ሐረግ ይፈልጋል። የማሽኑ ቋንቋ የተለወጠ ዕለት ሐረጉ ይለወጣል፤ ስክሪፕቱ ምንም ስህተት የለም ብሎ ይቀጥላል። ቁጥሩ ግን በአማርኛም፣ በፈረንሳይኛም 127 ነው። ለዚህ ነው መልእክቱን ለሰው፣ ቁጥሩን ለስክሪፕቱ ያልኩት። የመልእክቱን ጽሑፍ መመርመር ግድ ከሆነ፣ ከትእዛዙ በፊት ኤልሲ_ኦል=ሲ ብሎ ቋንቋውን ማጽናት ያስፈልጋል።

በየላቦራቶሪው የሚሰማ አንድ ንግግር አለ። ተማሪው እጁን ያወጣል፦ «ቲቸር፣ ኤረር አመጣ።» «ምን ይላል?» «እ... አጠፋሁት።» በአገራችን አፍ ኤረር «ይመጣል»፤ እንደ ዝናብ፣ ከውጭ የመጣ ነገር ነው። ቀድሞ የሚታሰበውም ማንበብ ሳይሆን ከዓይን ማራቅ ነው። ተማሪው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይኸው ልማድ 2>/ዴቭ/ነል ሆኖ በስክሪፕቱ ውስጥ ይቀመጣል። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ያሉት ለሰው ነበር፤ ለሰርቨርም ይሠራል።

ቦርን ያልዘጋው አንድ ቀዳዳ ነበር። በፓይፕ የተቀጣጠሉ ትእዛዞች ሲያበቁ $? የሚነግርህ የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ነው። የፊተኛው ወድቆ የኋለኛው ከተሳካ ሁሉም ደህና ይመስላል። ባሽ ይህን የዘጋው በ2004፣ በ3.0 እትሙ፣ ፓይፕፌይል የተባለውን ምርጫ ሲጨምር ነው፤ ከተቀጣጠሉት አንዱ ቢወድቅ መላው እንደወደቀ ይቆጠራል። ኮርን ሼል ከባሽ ቀድሞ ነበረው።

ቀዳዳው ምን እንደሚያደርስ ቀረብ ብለን እንየው። ሀዋሳ ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት እንበል፤ በየሌሊቱ ዳታቤዙን ባካፕ የሚያደርግ ስክሪፕት አለው። ሥራዎችን በቀጠሯቸው ሰዓት የሚያስጀምረው ፕሮግራም፣ ክሮን፣ 02:00 ላይ ያስነሣዋል፤ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 8 ማለት ነው። መስመሩ አንድ ነው፦ ዳታቤዙን የሚያወጣው ፕሮግራም፣ ከዚያ |፣ ከዚያ ፋይል የሚጨምቀው ጂዚፕ፣ ውጤቱ ቀኑን በያዘ ፋይል፤ ከፊት ለፊቱ ደግሞ፣ ኢሜይል እንዳያበዛ ተብሎ፣ 2>/ዴቭ/ነል። የዳታቤዙ ፓስወርድ አንድ ቀን ተቀየረ፤ ስክሪፕቱን ያስታወሰ ሰው አልነበረም። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ የፊተኛው ፕሮግራም «ፓስወርዱ ትክክል አይደለም» ብሎ ይወድቃል፤ ቃሉ ወደ ባዶው ቦታ ይሄዳል። ጂዚፕ ምንም ሳይገባለት ምንምን ጨምቆ በተሳካ ሁኔታ ያበቃል፤ ቁጥሩ 0 ነው። በየጠዋቱ ማኅደሩ ሲከፈት አዲስ ፋይል አለ፤ ስሙ ትክክል፣ ቀኑ ትክክል። መጠኑን ያየ ግን ያስተውላል፦ 20 ባይት። ጂዚፕ ከባዶ መግቢያ የሚያወጣው ፋይል መጠኑ ያ ነው፤ 10 ባይት ራስጌ፣ 2 ባይት ባዶ ይዘት፣ 8 ባይት ማረጋገጫ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ዲስኩ የተቃጠለ ዕለት የሚገኙት እነዚህ ናቸው።

ይህ የሀዋሳ ብቻ ችግር አይደለም፤ ትልልቆቹም አላመለጡትም። በጃንዋሪ 2015 የስቲም ጨዋታ መደብር የሊኑክስ ስክሪፕት የአንድ ተጠቃሚን ፋይሎች ጠራርጎ አጠፋ። ስክሪፕቱ የራሱን ማኅደር ፈልጎ በተለዋዋጭ ውስጥ መያዝ ነበረበት፤ ፍለጋው ወደቀ፣ ተለዋዋጩ ባዶ ቀረ፣ ማንም መውደቁን አልጠየቀም። ቀጥሎ የመጣው የመሰረዣ ትእዛዝ ከባዶው ተለዋዋጭ በኋላ ያለውን / ብቻ ይዞ ከዲስኩ ሥር ጀመረ። ከትእዛዙ በላይ ጸሐፊው «የሚያስፈራ!» የሚል ማስታወሻ አኑሮ ነበር። ፍርሃቱን ወደ ፍተሻ ቢለውጠው፣ ከፍለጋው በኋላ || ብሎ «ካልተሳካ አቁም» የሚል ቢጨምር፣ ነገሩ እዚያው ይቆም ነበር።

የበለጠ የሚያስተምረው ግን የፕሮግራም ኮድ ማከማቻው የጊትላብ ታሪክ ነው። ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ሌሊት፣ ረጅም ቀን የዋለ አንድ መሐንዲስ የተጠባባቂውን ሰርቨር ዳታ ሊያጸዳ ፈልጎ ትእዛዙን በዋናው ሰርቨር ላይ ሰጠ። በሰከንድ ውስጥ ነቅቶ አቋረጠው፤ ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ብቻ ነበር። ባካፕ ተፈለገ። በየቀኑ ወደ አማዞን ማከማቻ ይላካል የተባለው ባካፕ ቦታው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ሲጣራ፣ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ 9.6 ሆኖ ሳለ የሚያወጣው ፕሮግራም የ9.2 እትም ነበር፤ እትሞቹ ስላልተጣጣሙ በየጊዜው ስህተቱን ተናግሮ ይወድቅ ነበር። ስህተቱ አልተደበቀም። ወደ ባዶ ቦታም አልተወረወረም። ክሮን እንደ ደንቡ በኢሜይል ልኮታል። ኢሜይሎቹ ግን ዲማርክ የሚባለው የላኪ ማረጋገጫ ስላልነበራቸው የተቀባዩ ሰርቨር መለሳቸው።

ሪቺ መንገዱን ከሠራ 40 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ፕሮግራሙ ድርሻውን ተወጥቷል፣ ስክሪፕቱ ተወጥቷል፣ ክሮን ተወጥቷል፤ የተቆረጠው ከሰው ዓይን በፊት ያለው የመጨረሻው እርምጃ ነው። ጊትላብን ያዳነው ያው መሐንዲስ ለሌላ ሥራ ከስድስት ሰዓት በፊት ያነሣው የዲስክ ቅጂ ነበር። በመሃል የገባው፣ ወደ 5,000 ፕሮጀክት፣ 5,000 አስተያየትና 700 የተጠቃሚ መለያ ጠፋ። ድርጅቱ አንዳች ሳይሸሽግ ሁሉን በአደባባይ ጻፈው፤ ከጻፉት ሁሉ ይህን የኢሜይል ነገር በየቢሮአችን ግድግዳ ላይ ብለጥፈው ደስ ይለኛል።

ሀዋሳ በእነዚህ ዓመታት አደገች። በ2016 የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ፤ በ2020 የሲዳማ ክልል ሲመሠረት ከተማዋ መቀመጫው ሆነች። አዲስ ቢሮ በተደራጀ ቁጥር ዳታቤዝ ይከተላል፤ ዳታቤዝ ካለ የሌሊት ስክሪፕት አለ።

በ2024 የወጣው የፖሲክስ መስፈርት ፓይፕፌይልን በሼል ሕግ ውስጥ አስገባው፤ ባሽ ከተቀበለው ከ20 ዓመት በኋላ። በየሰርቨሩ ያለው ሼል ግን ገና አልደረሰበትም። ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ከ2006 ጀምሮ «ኤስኤች» ሲባል የሚያስነሣው ባሽን ሳይሆን ዳሽ የተባለውን ቀለል ያለ ሼል ነው፤ የቆዩት የዳሽ እትሞች ፓይፕፌይልን አያውቁትም። ስለዚህ የስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመር ባሽን በስሙ ይጥራ። ሁለተኛው ፓይፕፌይልን ያብራ። ሦስተኛው ያ የባካፕ መስመር ነው፤ 2> ከ/ዴቭ/ነል ወደ ቀን ያለበት የመዝገብ ፋይል ይዙር። አራተኛው ቁጥሩን ይጠይቅ፤ 0 ካልሆነ፣ ወይም ፋይሉ ከትናንቱ እጅግ ካነሰ፣ የመዝገቡን የመጨረሻ መስመሮች ለኃላፊዋ ስልክ በቴሌግራም ይላክ።

ከዚያ መሞከር ነው። የስክሪፕቱን ቅጂ ወስዶ ሆን ብሎ የተሳሳተ ፓስወርድ መስጠትና ለአንድ ሌሊት መተው። 8 ሰዓት ያልፋል። ጠዋት መልእክቱ በስልኩ ላይ ካለ መንገዱ ክፍት ነው። ከሌለ፣ ከክሮን ተነሥቶ እያንዳንዱን እርምጃ በእጅ እየሞከሩ የት ላይ እንደተቆረጠ ማግኘት ነው፤ ፒያሳ ያለው ዲስክ ገና ሳይቃጠል።